ማንን ሳትን?

ሰው ሞኝነቱን በአደባባይ መናገር አይወድም። እኔም ይህን ታሪክ ለገዛ ልጆቼ እንኳን ሳልነግር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ስውል፣ አብረውኝ የሠሩ ነርሶች አልፎ አልፎ እየመጡ ይጠይቁኛል። ሊያመሰግኑኝ ሲፈልጉ ሁልጊዜ የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፤ «እርስዎ እኮ በሽተኛ ሲያወራ አያቋርጡም ነበር» ይሉኛል። ጠባዩ አብሮኝ የተወለደ ይመስላቸዋል። አብሮኝ የተወለደውስ ማቋረጡ ነበር። ማዳመጡን የተማርኩት ወረታ ላይ፣ በአንድ የግንቦት ሳምንት፣ ከአንዲት ሸክላ ሠሪና ከአንድ ገበሬ ነው። የትምህርቱን ዋጋ የከፈልኩት ደግሞ እኔ አልነበርኩም፤ መናገሩ የሚከብደኝም ለዚህ ነው።

ጊዜው ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጎንደር ከተማ ተወልጄ፣ እዚያው ነርስነት ተምሬ፣ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ወረታ ተመደብኩ። ክሊኒካችን የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ መንገድ ጋር ከሚገናኝበት ትንሽ ራቅ ያለ፣ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ በሽተኛው ተራውን የሚጠብቀው ከሥሩ ተቀምጦ ነው። ዶክተር የሚባል ሰው አልነበረም። ከእኔ ሌላ ያሉት አንድ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ብቻ ነበሩ፤ አቶ ዳኜ ይባላሉ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሥራውን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከቁስል የተማሩ ሰው ናቸው።

እኔ የምመካው በደብተሬ ነበር። ልባሱ ጠንካራ፣ ገጹ ብዙ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የተማርኩትን ሁሉ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ርእሱን በቀይ ቀለም እያሰመርኩ ገልብጬበታለሁ። አንድ ካህን ዳዊቱን የሚይዘውን ያህል ነበር ተጠንቅቄ የምይዘው። እዚያ ውስጥ የተጻፈ ምልክት በሽታ ነው፤ ያልተጻፈ የባላገር ወሬ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ደግሞ ተምሬ ነው የጠመጠምኩት ባይ ነበርኩ፤ ነጩን ቆቤን በየማለዳው ተኩሼ፣ በትንሽ የእጅ መስታወት አስተካክዬ ነበር የማጠልቀው።

አቶ ዳኜ አንድ ልማድ ነበራቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሽተኛው ሲያልቅ ሁለት በርጩማ አውጥተው ዋንዛው ሥር ያስቀምጣሉ። አንዱ ላይ ቁጭ ብለው የሳምንቱን መዝገብ ጭናቸው ላይ ይዘረጉና «እስቲ በዚህ ሳምንት ማንን ሳትን?» ይላሉ። እያንዳንዱን ስም በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ፤ አንዳንዱ ላይ ቆመው ያስባሉ። ሁለተኛው በርጩማ የእኔ መሆኑ ነው። አንድ ቀን ብቻ ተቀምጬ፣ ስለ አንድ ሰው ጆሮ ግማሽ ሰዓት ሲያብሰለስሉ ሰልችቶኝ ተነሣሁ። «አቶ ዳኜ፣ እኔ ንስሐዬን ለነፍስ አባቴ ነው የምናገር» ብዬ ቀለድኩ። ሳቁ፤ አልተቀየሙም። በየሳምንቱ ግን ሁለተኛውን በርጩማ ከማውጣት አልቦዘኑም።

በዚያ ሳምንት አቶ ዳኜ መድኃኒት ሊያመጡ ሰኞ ዕለት ደብረ ታቦር ሄዱ። የሚመለሱት ዓርብ ነው። ክሊኒኩ ለእኔ ብቻ ቀረ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ ከርብ ወንዝ ማዶ፣ ከባለ እጆች መንደር ሦስት ሰዎች ሕፃን ይዘው መጡ። በሽተኛዋ የሻረግ ትባላለች፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሸክላ ሠሪ ናት። አብሯት የመጣው ባሏ አያሌው ሸማኔ ነው። አማቷ እትየ ጥሩ አምስት ወር የሆናትን ልጅ አዝለዋል። የሻረግ ፊቷ ገርጥቷል፤ ድምፅዋ ተዘግቷል። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ስታስል ጨርቁ ላይ ደም አየሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ እንዳደረጋት ባሏ ነገረኝ። እኔ ከዚያ በላይ ለመስማት ብዙም አልጓጓሁም፤ የሳምባ ነቀርሳ የተጻፈበትን ገጽ በቃሌ አውቀዋለሁ።

መጠየቁን ግን ጠየቅሁ። ትኩሳት አለሽ ወይ ስላት የለኝም አለች። ሌሊት ያልብሻል ወይ ስላት አያልበኝም አለች። ከደብተሬ ምልክቶች ሁለቱ አልተገኙም ማለት ነው። እኔ ግን ባላገር ትኩሳቱን የት ያውቀዋል ብዬ አለፍኩት። ደረቷን ሳዳምጥ ይህ ነው የሚባል ነገር አልሰማሁም፤ እሱንም ገና ጅምሩ ነው አልኩት። ጉሮሮዋን በባትሪ ለማየት ምላሷን ስጫን አቅለሸለሻትና ተውኩት። ይህን ስታነቡ ምን እንደምታስቡ አውቃለሁ፤ እኔም ዛሬ እንደዚያው ነው የማስበው።

ልትነሣ ስትል ነጠላዋን እየሰበሰበች ቀስ ብላ ተናገረች።

«እሜቴ፣ ጉሮሮየ ላይ የሚሄድ ነገር አለ። ይነቃነቅብኛል።»

ሳቅሁ። በክፋት አልነበረም። ሰው ሁሉ ሆዴ ውስጥ እባብ አለ፣ ጀርባዬ ላይ ነፋስ ይሄዳል እያለ ስለሚመጣ ይህንንም ከዚያው ቆጠርኩት። የሚሄድ ነገር እንደሌለ፣ በሽታው እንዲህ እንደሚያስመስል ነገርኳት። አንገቷን ደፋች፤ ሁለተኛም አላነሣችውም።

አያሌውን ለብቻው ጠርቼ ፍርዴን ሰጠሁት። ሚስቱ የሳምባ ነቀርሳ ይዟታል፤ ጎንደር ሄዳ ለወራት መተኛት አለባት። ልጅቱ ደግሞ በሽታው እንዳይተላለፍባት ከዛሬ ጀምሮ ጡት እንዳትጠባ፣ አጠገቧም እንዳትደርስ አዘዝኩ። አያሌው ጡት ካልጠባች ምን ትበላለች ብሎ ጠየቀኝ። በከብቱ አገር በፎገራ የላም ወተት ጠፍቶ ያውቃል ወይ አልኩት። መልሱ በዚያ ሰዓት ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር።

ወደ ጎንደር የሚሄድ የምናውቀው የጭነት መኪና የሚያልፈው ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው፤ እሱ ካለፈ የሚቀጥለው በሳምንቱ ነው። እስከዚያ የሻረግ በክሊኒኩ ጓዳ እንድትተኛ አደረግሁ። እትየ ጥሩ ልጅቱን ይዘው አንዲት ዘመዳቸው ቤት አረፉ።

ረቡዕ ጠዋት እትየ ጥሩ ልጅቱን ታቅፈው መጡ። ወተቱን በጣታቸው እያስላሱ፣ በጨርቅ እያጠቡ ሞክረው ነበር፤ ትተፋዋለች፣ የዋጠችውም ወዲያው ተቅማጥ ሆኖ ይወጣል። ደብተሬን ገለጥኩ። ለተቀማጠ ሕፃን ሆዱን ማሳረፍ፣ የሚገባውን መቀነስ ነው ይላል። ወተቱንም ውሃውንም ቀንሱ፣ ትለምደዋለች አልኳቸው። ልጅቱ ደጅ ስታለቅስ እናትየዋ ከጓዳ ትሰማለች። ልብስ ልቀይርላት ስገባ ቀሚሷ ደረቱ ላይ በወተት ርሶ አገኘሁት። ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። እኔ የማደርገው ያለ ይመስል ፋሻ መጠቅለል ጀመርኩ።

ሐሙስ ማለዳ ልጅቱ አታለቅስም ነበር። ዓይኗ ሰርጉዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፤ እጄን ራሷ ላይ ሳኖር እርግብግቢቷ ጎድጉዶ ጣቴ ገባ። በዚያች ሰዓት ፈራሁ። ጡት ትጥባ ብል የእናቷን በሽታ በእጄ ልሰጣት ነው፤ አትጥባ ብል እስከ ማታ አትቆይም። ደብተሬ ሁለቱንም ለየብቻ ጽፏል፤ ሁለቱ አንድ ቀን ሲገናኙ ምን እንደሚደረግ ግን አልጻፈም። እትየ ጥሩ ትእዛዜን ትተው ጣታቸውን ውሃ እየነከሩ የልጅቱን ከንፈር ያርሳሉ። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

በዚህ መሀል አያ መለሰ መጡ። እግራቸውን መጥረቢያ ቆርጧቸው በየሁለት ቀኑ ቁስላቸውን የምጠርግላቸው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ መንደራቸው ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ጋር ይጎራበታል። ዋንዛው ሥር፣ አየር ልትቀበል ከጓዳ ከወጣችው ከየሻረግ ራቅ ብለው ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ ስታስል ያዩአታል። ገብተው ፋሻቸውን ስፈታ ማውራት ጀመሩ። ሌላ ቀን ቢሆን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ባቋረጥኳቸው ነበር። ያን ቀን ያላቋረጥኳቸው አስተዋይ ሆኜ ሳይሆን ጉልበት አጥቼ ነው።

አምና በግንቦት አንድ በሬያቸው እንዲሁ እንዳደረገው አጫወቱኝ። ያስላል፣ ባፉ ባፍንጫው ደም ይለዋል፣ ሳር ላይ እየዋለ ይከሳል። ከዚያ እጃቸውን ደጅ ወደተቀመጠችው የሻረግ ዘርግተው ጨረሱት።

«ይች ልጅ አልቅት ገብቶባት ነው።»

«አያ መለሰ፣ ሰው እኮ በሬ አይደለም» አልኳቸው።

«እሱስ አይዶለም። በሬ አፍ የለው፣ እኔ ገምቸ ነው የምደርስበት። እሷ አፍ አላት። ዛዲያ ምን አለችሽ ልጀ?»

እጄ ፋሻው ላይ ቆመ። ምን እንዳለችኝ አስታወስኩ። ለመናገር ግን አፈርኩ፤ አያ መለሰ እግራቸውን እንደዘረጉ ትቻቸው ወጣሁ።

የሻረግ አጠገብ ቁጭ አልኩና መጀመሪያ ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኋት፤ ውሃ የምትጠጪው ከየት ነው? ሸክላው ከሚቆፈርበት ጉድጓድ አለች። ክረምቱ ሳይገባ የዓመቱን ጭቃ አፈር ቆፍረው ማጋዝ አለባቸው። በግንቦት ጉድጓዱ ውስጥ የምትቀረው ውሃ ጥቂትና አረንጓዴ ናት። ሲቆፍሩ ውለው ሲጠማቸው በእጃቸው እየዘገኑ ይጠጣሉ። ምንጭ የለም ወይ አልኳት። ዓይኗን አያ መለሰ ወዳሉበት በር ልካ ወዲያው መለሰችው።

«ምንጭስ አለ። እኛ አንቀዳም።»

አያ መለሰ እግራቸውን እየጎተቱ በሩ ላይ ደርሰው ነበር፤ ሰምተዋል። ምንጩ የእርሳቸው መንደር ነው። ገበሬው የሸክላ ሠሪዋን እንስራ ገዝቶ ቤቱ ያስገባል፤ ያንኑ እንስራ እሷ ምንጩ ውስጥ ልትነክረው ስትል ግን ያባርራታል። ይህን ወረታ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። ከሥራዬ ጋር የሚገናኝ ነገር አልመሰለኝም ነበር።

ሽማግሌው በበሬ የሚያደርጉትን ነገሩኝ። አልቅት ውሃ ይወዳል። ከብቱን ውሃ አስጠምተህ ፀሐይ ላይ ታውለውና ቀዝቃዛ ውሃ አፉ ሥር ትደቅንለታለህ፤ አልቅቱ ውሃው ሲሸተው ብቅ ይላል፤ ያኔ በጨርቅ ትይዘዋለህ። ብትስተው ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው። አንድ በሬ ታንቆ እንደሞተባቸው ነገሩኝ።

ይህን ጊዜ ደብተሬም አልጠቀመኝም አልልም። የመተንፈሻ ቧንቧው የት እንደሚጀምር፣ አንድ ነገር ወደዚያ ቢወድቅ ስንት ደቂቃ እንዳለኝ የማውቀው ከእሱ ነው። አልቅቱ እንዳይወርድ ወደ ፊት ዘንበል ብላ አፏን ወደ ታች መክፈት አለባት። በደረቁ ብስበው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ የመቆንጠጫውን ጫፍ በፋሻ ጠቅልዬ ጨው በበዛበት ውሃ ነከርኩት፤ ጨው ሲነካው ይለቃል ብዬ ነው። የባትሪዬ ብርሃን ደካማ ስለሆነ ቆቤን የማስተካክልበትን መስታወት አመጣሁ።

የሻረግ ከሦስት ሰዓት ጀምራ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ከእነዚያ ሰዓቶች የሚረዝም ሰዓት አላውቅም። ደም ሲያንሳት ለሰነበተች ሴት ፀሐይና ጥም ምን እንደሚያደርጓት እየፈራሁ፣ እየተመለስኩ የደም ሥሯን እይዛለሁ። ከጥላው ሥር እትየ ጥሩ ልጅቱን እንደታቀፉ ከንፈሯን ማርጠባቸውን አላቋረጡም። እናትየዋ ዓይኗን ከልጇ ላይ አልነቀለችም። ሰባት ሰዓት ሲሆን በሰፊ ገበቴ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አምጥተን በርጩማ ላይ ከፊቷ አኖርነው፤ ያ በርጩማ አቶ ዳኜ በየዓርቡ ለእኔ የሚያወጡት ነው።

አያሌው መስታወቱን ይዞ ፀሐዩን ወደ ሚስቱ አፍ መለሰ። እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ከሥር ቀና ብዬ አየሁ። ቀይ ጉሮሮ እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም። የሻረግ ውሃውን እያየች እንባዋ ገበቴው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። አንዴ ሞክረን አረፍን። ሁለተኛ ስንሞክር ቆቤ ብርሃኑን እየከለለ አስቸገረኝ፤ አውልቄ ወረወርኩትና የት እንደወደቀ አላየሁም።

ያን ጊዜ ከእንጥሏ ጀርባ አንድ ጥቁር ነገር ሲሳብ አየሁ። መቆንጠጫውን ሰደድኩ፤ ነካሁት፤ ተንሸራተተና ተመለሰ። የሻረግ ታነቀች፤ ፊቷ ጠቆረ፤ ወደ ፊት ደፍቼ ጀርባዋን መታሁ። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ስንት እንደቆጠርኩ አላውቅም። ስትመለስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንደገና እንድሞክር ራሷን ነቅንቃ አመለከተችኝ።

የጭነት መኪናው ጥሩንባ የተሰማው በዚህ መሀል ነው። ዘጠኝ ሰዓት እንኳን አልሞላም፤ ሾፌሩ ቀድሞ ደርሷል። ዝናብ ሳይመጣ ወንዙን መሻገር አለብኝ፣ የምትሄድ ከሆነች አሁን ትሳፈር አለ። እንዲጠብቀኝ ለመንኩት፤ አልችልም አለ። አያሌው እኔን ያያል። አልቅቱን ያየሁት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ፀሐዩ አታሎኝ ይሆናል፣ ነቀርሳውም እውነት ይሆናል። ብሳሳት ሳምንት ሙሉ ሌላ መኪና የለም፤ ልጅቱም ሳምንት አይደለም ማታን አታይም። ሾፌሩን ሂድ አልኩት። መኪናው አቧራውን አንሥቶ ሄደ።

ለሦስተኛ ጊዜ ተንበረከክሁ። ውሃውን ይበልጥ አስጠጋነው። አያ መለሰ ከኋላዬ ቆመው «አትቸኩይ፤ ይመጣል፤ ይውጣልሽ ተይው» ይሉኛል። መጣ። አሁን እንጥሏን አልፎ ምላሷ ሥር እስኪደርስ ታገሥኩ። በጨው የራሰውን ፋሻ አስነካሁትና እስኪለቅ ድረስ ይዤ ቆየሁ፤ ከዚያ ሳብኩት። ትንሿን ጣቴን ያህላል። ገበቴው ውስጥ ሲወድቅ ተኮማተረ፣ ተዘረጋ፣ መዋኘት ጀመረ።

ደም ትንሽ ተከተለው። ጨው ባለው ውሃ እንድትጉመጠመጥ አደረግሁ፤ ቀስ እያለ ቆመ። አያሌው መስታወቱን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሻረግ ውሃ ጠምቷት እንደዋለች ሁላችንም ረስተነዋል፤ እሷም የረሳችው መሰለኝ። ሁለት እጇን ወደ አማቷ ዘረጋች።

«ልጄን» አለች። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፤ ግን ተከፍቷል።

እጇ አየር ላይ እንዳለ ቆመና ወደ እኔ ዞረች። የገዛ ልጇን ለማጥባት ፈቃዴን እየጠየቀች ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳት። ልጅቱ መጀመሪያ ጡቱን መያዝ አልቻለችም፤ ከንፈሯ ላይ ወተቱ ሲንጠባጠብ ቆይቶ አንዴ ዋጠች፣ ሁለቴ ዋጠች፣ ከዚያ ያዘች። እኔ ወደ ክሊኒኩ ጀርባ ዞሬ አለቀስኩ።

ዓርብ አቶ ዳኜ ከሰዓት በፊት ተመለሱ። በሽተኛው ሲያልቅ ሁለቱን በርጩማ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቁጭ አልኩና መዝገቡን ዘርግቼ «ማንን ሳትን?» አልኩ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ፣ ሳቄን ጨምሮ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም። እርሳቸው ይህን ልማድ የጀመሩት አንድ ሰው በእጃቸው ከሞተ በኋላ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ማን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥን። በእኔ የእጅ ጽሑፍ የሳምባ ነቀርሳ ተብለው ወደ ጎንደር ይሂዱ ከተባሉት ውስጥ አንዲት ልጅ ከዚያው ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ነበረች። ትኩሳት የላትም ብዬ ጽፌያለሁ። በማግሥቱ የሻረግን ስለሷ ጠየቅኋት። ቤተሰቦቿ ጎንደር አልወሰዷትም፤ ጠበል እንወስዳታለን ብለው ከመንደሩ ወጡ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው አልተሰማም። ያች ልጅ በእውነት ነቀርሳ ይዟት ይሁን፣ ወይስ ጉሮሮዋ ላይ የሚሄድ ነገር ኖሮ እኔ ሳልጠይቃት ቀርቼ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስሟ እንዳይረሳኝ በየጸሎቴ አነሣዋለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አያ መለሰ እግራቸው ድኖ ሊሰናበቱኝ መጡ። ሲወጡ በሩን ይዘው ቆዩና፣ ከመንደራቸው ሰዎች ጋር እንደተማከሩ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ከብት ከጠጣ በኋላ በምሽት ከምንጩ እንዲቀዱ እንደተፈቀደላቸው ነገሩኝ። ከከብት በኋላ መሆኑ ልቤን አልሞላውም። ቢሆንም የሚጠጡት የምንጭ ውሃ ነው፤ አመሰገንኳቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ነጭ ጋዋን የምትለብሱ ልጆቼ፣ ተምራችሁ ጨርሳችሁ ከሆነ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔም ጨርሼ ነበር። ከዚያች ሳምንት በኋላ ደብተሬን ገልብጬ ከመጨረሻው ገጽ ወደ ፊት መጻፍ ጀመርኩ። የሳትኩትን፣ ያስተማረኝን ሰው ስም፣ ያስተማረኝን ነገር ጻፍኩ። ከአያ መለሰ ስለ አልቅት፣ ከእትየ ጥሩ ስለ ውሃው። በኋላ በየጊዜው ለስልጠና ስጠራ አዲሱንም ከዚያው ጨመርኩ። አንድ ጊዜ በአንዱ ስልጠና ላይ፣ የተቀማጠ ሕፃን ውሃና ጡት ይጨመርለታል እንጂ አይቀነስበትም ሲባል፣ እዚያው ተቀምጬ በቀይ ያሰመርኩበትን የድሮ ገጼን ሰረዝኩት። እትየ ጥሩ ማንበብ አይችሉም፤ ግን ከገጼ ይልቅ ትክክል ነበሩ። ደብተሩ ከኋላ እየተጻፈ፣ ከፊት እየተሰረዘ፣ ዓመታት አልፈው ሁለቱ ጽሑፎች መሀል ላይ ተገናኙ። ያኔ ሌላ ደብተር ገዛሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ብዙ ጊዜ ለበሽተኛ እንናገረዋለን። የሻረግ ግን አልደበቀችም።

እሑድ ዕለት ወደ መንደሯ ልትሄድ ልጇን አዝላ ቆማ ሳለ አንድ ነገር ጠይቄያት ነበር። ሐሙስ ቀን ልጅሽ ዓይኗ ሲሰረጉድ እያየሽ፣ ያን የሚሄደውን ነገር ለምን ደግመሽ አልነገርሽኝም አልኳት። ልወቅሳት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው። የአዘለችበትን ጨርቅ ጠበቅ እያደረገች መለሰችልኝ።

«ነግሬዎት ነበር እኮ እሜቴ። ሲስቁ ጊዜ፣ የማላውቀው እኔ መሰለኝ።»

የገዛ ጉሮሮዋን ነው እንዲያ ያለችው። ያን ዕለት ማታ ደብተሬን ገልብጬ በመጨረሻው ገጽ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ። ዛሬም ስከፍተው የሚቀበለኝ እሱ ነው፤ ቀይ ቀለምም፣ ርእስም የለውም። «ነግራኝ ነበር» ይላል።